«መሬቱ ማዳበሪያ ለመደ» ወይስ አፈሩ ኮመጠጠ? ስለ ኖራ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «አባቴ በአዊ ዞን ባንጃ ወረዳ አራት ጥማድ ቀይ አፈር አላቸው። ኤንፒኤስና ዩሪያ ማዳበሪያ በየዓመቱ ያስገባሉ፤ ስንዴው ግን ቢጫ ሆኖ ይቀራል። ገብስ ከተውን ቆየን፤ ባቄላ አይታሰብም። የልማት ሠራተኛው ኖራ ጨምሩ ይላል። ጎረቤታችን አምና ሰኔ ላይ፣ ዘር በሚዘራበት ሰሞን፣ ሁለት ኩንታል ኖራ በሁለት ጥማድ ላይ በትኖ ምንም ለውጥ አላየም። ሌላው ደግሞ ዲከረንስ የሚባለውን የከሰል ዛፍ ትከሉና ተገላገሉ ይለናል። ኖራ በእርግጥ ይሠራል? ስንት ነው የሚገባው? የሚሠራ ከሆነስ መንግሥት ለምን እንደ ማዳበሪያ አያቀርበውም?»

ምላሽ፦

ኖራ ይሠራል። የጎረቤትዎ ግን ሊሠራ አይችልም ነበር። ምክንያቱን ሳያስረዷቸው አባትዎ ገንዘብ ያውጣሉ ብዬ ስለማልጠብቅ ከዚያው ልጀምር። ሁለት ኩንታል በሁለት ጥማድ ማለት በሄክታር 4 ኩንታል ነው። እርስዎ የገለጹት ዓይነት አፈር አብዛኛውን ጊዜ በሄክታር ከ20 እስከ 30 ኩንታል ይፈልጋል፤ የአንድ ድስት ጨው ለስድስት ድስት እንደ ማካፈል ነው። ሁለተኛው ስሕተት ጊዜው ነው። ኖራ ቢፈጭም ድንጋይ ነው፤ በእርጥብ አፈር ውስጥ አንድ ሁለት ወር ካልቆየ አይሟሟም። በዘር ሰሞን የተበተነ ኖራ ሥራውን የሚጀምረው ቡቃያው ከተጎዳ በኋላ ነው። ሦስተኛው፣ ከላይ ተበትኖ በእርሻ ካልተገለበጠ እዚያው ላይ ይቀራል። እንደ ዩሪያ በዝናብ ቀልጦ ወደ ሥር አይወርድም።

አሁን አፈሩ ምን እንደሆነ። በእናንተ አካባቢ ዝናቡ ብዙ ነው። ካልሲየም፣ ማግኒዥየምና ፖታሲየም በዘመናት ታጥበው ወርደዋል። የቀረውን ደግሞ እኛው እናወጣዋለን፤ እህሉ ወደ ጎተራ፣ ገለባው ለከብት፣ ኩበቱ ለማገዶ ይሄዳል፣ ወደ ማሳው የሚመለስ የለም። በዚህ ላይ ዩሪያና ሌሎች አሞኒየም ያለባቸው ማዳበሪያዎች አፈር ውስጥ ወደ ናይትሬት ሲለወጡ አሲድ ይለቃሉ። ማዳበሪያው ጥፋተኛ ነው ማለቴ አይደለም፤ ግን ለዓመታት ምንም ሳይመለስለት ማዳበሪያ ብቻ የተጨመረበት ማሳ ቀስ በቀስ መኮምጠጡ አይቀርም።

የአፈር ኮምጣጣነት የሚለካው በፒኤች ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አፈሩ ይበልጥ ኮምጣጣ ነው። ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ አፈሩ ውስጥ ያለው አሉሚኒየም መሟሟት ይጀምራል። የሟሟ አሉሚኒየም የሥር ጫፍ ይገድላል። አንድ የስንዴ ቡቃያ በጥንቃቄ ነቅለው ይዩት፦ ሥሩ አጭር፣ ወፍራም፣ ተሰባሪና ጸጉር የሌለው ከሆነ፣ ከ10 ሴንቲ ሜትር በታችም ካልወረደ፣ ሌላ ምስክር ብዙም አያሻም። ሁለተኛው ጉዳት የማይታየው ነው። በኤንፒኤስ የሚገባው ፎስፈረስ (ከ100 ኪሎው 38ቱ በፎስፌት መልክ ነው) ሥሩ ሳያገኘው ከአሉሚኒየምና ከብረት ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ገበሬው ያንኑ መጠን ቢያስገባ ምርቱ ይቀንሳል፣ ቢጨምር ጥቂት ይሻላል፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ሌላ ጭማሪ ይፈልጋል። «መሬቱ ማዳበሪያ ለመደ» የሚባለው ይኼ ነው። ገበሬው ያየው ትክክል ነው፤ የተሳሳተው ምክንያቱ ብቻ ነው።

የሰብሎቹ አጠፋፍም ይህንኑ ይናገራል። ገብስና ባቄላ አሲድ አይችሉም፤ ከማሳው ቀድመው የሚወጡት እነሱ ናቸው። ስንዴም እንደ ዝርያው ይለያይ እንጂ ብዙ አይቆይም። ጤፍ ይታገሣል። እንግዶ (አጃ)፣ ግብጦና ድንች ደግሞ ሌላው ሲከስም ይቆማሉ። አንድ ቀበሌ ከገብስ ወደ እንግዶ፣ ከእንግዶ ወደ ባሕር ዛፍ ከተሻገረ የአፈሩን ፒኤች ሳይለኩ መገመት ይቻላል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። ቢጫ ስንዴ ሁሉ አሲድ አይደለም። ውኃ የሚቋጥር ጥቁር ዋልካ ላይም ስንዴ ቢጫ ይሆናል፤ እዚያ የሚያስፈልገው ማጠንፈፊያ ቦይ ነው። ዋልካ አብዛኛውን ጊዜ አሲዳማ ስላልሆነ ኖራ ማስገባት ገንዘብ መጣል ነው። የእናንተ ቀይ አፈር ነው ስላሉ ነው ወደ ኖራ የማመዝነው።

ከመግዛት በፊት ማስለካት ይቀድማል። ናሙናው ከተበላሸ ላቦራቶሪው አያድነውም። ከአንድ ጥማድ ውስጥ በዚግዛግ እየሄዱ ከ15 እስከ 20 ቦታ፣ በየቦታው ከላይ ያለውን ቅጠላ ቅጠል ጠርገው ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይውሰዱ። የድሮ ቤት የነበረበትን፣ ከብት የታሰረበትን፣ ዛፍ ሥር፣ ወሰን ላይ፣ ከሰል የተከሰለበትንና የማዳበሪያ ከረጢት የተቀመጠበትን ቦታ ይለፉት። አንድ የአመድ ጉድጓድ ብቻ ውጤቱን ሊገለብጠው ይችላል። ሁሉንም በንጹሕ ባልዲ ደባልቀው አንድ ኪሎ ያህሉን በጥላ ያድርቁ፤ የማሳውን ስምና ቀኑን ጽፈው ይላኩ። ማዳበሪያ የነበረበት ባልዲ አይጠቀሙ። ተዳፋቱና ሜዳው የተለያየ አፈር ከሆኑ ናሙናቸውም ለየብቻ ነው። ወቅቱ ከኅዳር እስከ ጥር፣ አዝመራው ከተነሣ በኋላ ቢሆን ውጤቱ ለኖራው ጊዜ ይደርሳል።

ላቦራቶሪውን «ፒኤች ብቻ» ብለው አይጠይቁ። ፒኤች መታመሙን ይነግርዎታል እንጂ የመድኃኒቱን መጠን አይነግርዎትም። ፒኤቻቸው እኩል 5 የሆኑ ሁለት ማሳዎች አንዱ የሌላውን እጥፍ ኖራ ሊፈልግ ይችላል፤ ጭቃነቱና የብስባሹ መጠን ይለያያልና። የሚያስፈልገው ቁጥር ተለዋጭ አሲዳማነት የሚባለው ነው፤ አፈሩ ይዞት ያለውን የአሲድ መጠን ያሳያል፤ በሴንቲሞል በኪሎ ይጻፋል። እሱን ካገኙ ሒሳቡ ቀላል ነው። 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ለሚታረስና አንድ ሜትር ኩቡ 1.2 ቶን ለሚመዝን አፈር፣ እያንዳንዱ 1 ሴንቲሞል በሄክታር 9 ኩንታል ንጹሕ ኖራ ይፈልጋል። በተግባር ሁሉም ኖራ ስለማይሟሟና ስለማይዳረስ በ1.5 ይባዛል፤ 13.5 ኩንታል ይሆናል። ውጤቱ 2 ከሆነ 27 ኩንታል በሄክታር፣ ማለትም በአንድ ጥማድ 6 ኩንታል ከ75 ኪሎ። ውጤቱ 1 ከሆነ ግማሹ ይበቃል። በትራክተር 20 ሴንቲ ሜትር የሚገለበጥ ከሆነ ሲሶ ይጨመርበታል። ይህን ሒሳብ የልማት ሠራተኛው ያውቀዋል፤ የሚቸግረው የአሲዳማነቱን ቁጥር ማግኘቱ ነው።

የኖራው ጥራት ከመጠኑ እኩል ነው። ሁለት ነገር ይጠይቁ፤ ንጽሕናውንና ድቀቱን፣ ማለትም ምን ያህል ደቅቆ እንደ ተፈጨ። የኖራ ድንጋዩ 85 በመቶ ብቻ ንጹሕ ከሆነ 675 ኪሎው ወደ 795 ኪሎ ያድጋል፤ በአንድ ጥማድ 8 ኩንታል ያህል ማለት ነው። እርጥብ ከሆነም እንዲሁ፤ አሥር በመቶ ውኃ የያዘ ኖራ ሲገዙ ከአሥር ኩንታል አንዱን ውኃ ነው የገዙት። ድቀቱን በጣት ይሞከር። እንደ ጤፍ ዱቄት የሚልሰልስ ከሆነ ደግ ነው። እንደ አሸዋ የሚቆረቁር ከሆነ ግን ለዘንድሮ አይደርስም፤ ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነ ፍርክስካሽ ለዓመታት ሳይሟሟ ይቀመጣል። በዱቄት ወንፊት ሲነፋ አብዛኛው ማለፍ አለበት።

ነጭ ዱቄት ሁሉ የግብርና ኖራ አይደለም። ጀሶ ነጭ ነው፤ ካልሲየምም አለው፤ ግን ፒኤች አይጨምርም። በላዩ ላይ የሎሚ ጭማቂ ወይም ኮምጣጤ ጠብ ሲያደርጉ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ይፍለቀለቃል፣ ጀሶ ዝም ይላል። ለግድግዳ ቀለም የሚውለው የተቃጠለ ኖራ ደግሞ ከመጠን በላይ ኃይለኛ ነው። የ100 ኪሎ የኖራ ድንጋይ ሥራ 56 ኪሎው ይሠራዋል፤ በውኃ ሲነካ ይግላል፣ ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል። ያለ ባለሙያ አይንኩት። የተፈጨው የኖራ ድንጋይ አያቃጥልም፤ ቢሆንም አቧራው ለሳንባ አይበጅም። አፍና አፍንጫ በነጠላ ሸፍኖ፣ ነፋስ በሌለበት ጠዋት፣ ነፋስን ከኋላ አድርጎ መበተን ነው።

አበታተኑን በዝርዝር ልናገር፤ ብዙው የሚበላሸው እዚህ ነው። አንድ ጥማድ 2,500 ካሬ ሜትር ነው። በገመድና በችካል 10 በ10 ሜትር በሆኑ 25 ካሬዎች ይከፋፍሉት። 675 ኪሎ ለ25 ሲካፈል ለአንዱ ካሬ 27 ኪሎ ይደርሰዋል። አንድ ባልዲ ኖራ በሚዛን ይለኩ፤ 9 ኪሎ ከያዘ ለአንዱ ካሬ ሦስት ባልዲ ነው። ግማሹን ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ ግማሹን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ እየተራመዱ ይበትኑ። በዓይን ብቻ የተበተነ ማሳ ክረምት ላይ ዝንጉርጉር ይሆናል፤ አንዱ ቦታ ለምለም፣ ሌላው ቢጫ። እንደ ተበተነ በዕለቱ ይታረስ፤ ከዚያም በሁለተኛው እርሻ በመስቀለኛ ይደገም። ማረሻ አፈር ይፈነቅላል እንጂ እንደ ትራክተር አይገለብጥም፤ ስለዚህ ሁለት ጊዜ መታረሱ የግድ ነው። ጊዜው ሚያዝያ ወይም የግንቦት መጀመሪያ፣ የበልጉ ጠብታ አፈሩን ሲያርሰው። ስንዴው እስኪዘራ አንድ ወር ተኩል ካገኘ ይበቃዋል።

በአንድ ቀን ኖራና ዩሪያ አያገናኙ። ኖራ የነካው ዩሪያ ናይትሮጂኑን ጋዝ አድርጎ ወደ አየር ይለቃል፤ ከማሳው የሚሸት ሽታ ካለ የሸተተው ገንዘብዎ ነው። ኤንፒኤሱ በዘር ጊዜ ይግባ። ዩሪያው ተከፍሎ ጥቂቱ በዘር፣ ብዙው ቡቃያው ከ35 እስከ 40 ቀን ሲሆነው፣ አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ። እዚህ ላይ አንድ አጉል ተስፋ ከወዲሁ መወገድ አለበት፦ ኖራ ማዳበሪያ አይደለም። ኖራ አስገብቶ ኤንፒኤሱን የተወ ገበሬ የመጀመሪያውን ዓመት ጥሩ አጭዶ በሁለተኛው ይደነግጣል፤ ኖራው የአፈሩን ብስባሽ እንዲበሰብስ አነቃቅቶ የተጠራቀመውን አስበላ እንጂ አዲስ ምግብ አላመጣም። ተቃራኒውም ስሕተት አለ። «ጥሩ ከሆነ ይብዛ» ብሎ ከሚፈለገው በእጥፍ የጨመረ ዚንክ፣ ቦሮንና ማንጋኒዝ ከተክሉ ያርቃል። ከመጠን ያለፈ ኖራ መልሶ ማውጫ መንገድ የለም። ግባችን ፒኤቹን ወደ 5.5 ወይም ጥቂት ከፍ ማድረግ ነው፤ 7 ማድረስ አይደለም። ድንች ካለዎት ደግሞ ኖራ በገባበት ዓመት እዚያ ማሳ ላይ አይትከሉት፤ ልጡ ላይ እከክ ያወጣል።

አንድ ጊዜ በሙሉ መጠን የገባ ኖራ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያገለግላል። በሦስተኛው ዓመት ማስለካት ነው። አቅም ከሌለ፣ ማለትም በአንድ ጥማድ 8 ኩንታል ማግኘት ካልተቻለ፣ ሌላ መንገድ አለ፦ ከሙሉው መጠን ሩቡን፣ ወደ 2 ኩንታል ያህል፣ በጣም የደቀቀውን መርጦ በየዓመቱ በመስመሩ ውስጥ ከዘሩ ጋር ማስገባት። ሥሩ መጀመሪያ የሚያገኘውን አፈር ብቻ ያክማል። ቡቃያው በጽኑ ሲጀምር ፎስፈረሱን ያገኛል። ብዙ ጥቅም አለው፤ ግን ከመስመሩ ውጭ ያለው አፈር ኮምጣጣ እንደሆነ ይቆያል፣ አንድ ዓመት ከተዘለለ ሥራው ይቋረጣል፣ በብተና ለሚዘራ ጤፍም አይሆንም። የጎረቤትዎ ሁለት ኩንታል በአንድ ጥማድ መስመር ውስጥ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን ጥያቄ አይጠይቁኝም ነበር።

ፍግና ኮምፖስት ችላ የሚባሉ አይደሉም። ብስባሽ አሉሚኒየሙን ይዞ ያስቀምጠዋል፤ የቤት አመድም በተጨባጭ ፒኤች ይጨምራል። የጓሮ ማሳ ከሩቁ ማሳ ሁልጊዜ የሚሻለው በዚህ ነው። የሚያጥረው ብዛቱ ነው። በሄክታር 50 ኩንታል ኮምፖስት ቢባል ለአንድ ጥማድ ከ12 ኩንታል በላይ ነው፤ ያን ያህል ፍግ ያለው ቤት ጥቂት ነው፣ ያለውም ኩበት አድርጎ ይነድደዋል። ስለዚህ ጓሮውን በፍግ፣ ሩቁን በኖራ።

ስለ ዲከረንስ የምለው ለሁለቱም ወገን ደስ ላይል ይችላል። የፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬ ዲከረንስን የተከለው ተሞኝቶ አይደለም። የደከመ ተዳፋት መሬት ላይ በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር ዘርቶ፣ በአራት አምስት ዓመት አክስሎ ሸጦ ከእህል የተሻለ አግኝቷል። ዛፉ ናይትሮጂን ያስገባል፣ መሸርሸርንም ያቆማል። ነገር ግን ካልሲየሙ ከግንዱ ጋር ተጭኖ ይሄዳል፤ የኮመጠጠውን አፈር አልፈወሰውም። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ዋግ መሰል በሽታ ገብቶበት ብዙ ችግኝ አውድሟል፤ አራቱንም ጥማድ በአንድ ዛፍ የዘጋ ሰው የሚበላው እህል ከገበያ ብቻ ነው። ተዳፋቱን ለዛፍ፣ ሜዳውን ለኖራና ለእህል ማድረጉ ይሻላል ባይ ነኝ።

ወደ ሦስተኛው ጥያቄዎ እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። «መንግሥት ቸል ብሎ ነው» ማለት ቀላል ነው፤ እውነቱ ግን በአብዛኛው የጭነት ጉዳይ ነው። ተሳቢ ያለው ትልቅ መኪና 400 ኩንታል ይጭናል። ማዳበሪያ ከሆነ፣ በሄክታር 2 ኩንታል በሚለው በቆየው ምክር፣ 200 ሄክታር ይሸፍናል። ኖራ ከሆነ በሄክታር በ27 ኩንታል 15 ሄክታር እንኳን አይሞላም። ከአገሪቱ የሚታረስ መሬት ወደ 40 በመቶው አሲዳማነት ያጠቃዋል፤ ጠንካራ አሲዳማ የሚባለው ብቻ ከሩብ በላይ ነው። ከዚህ ውስጥ አንድ ሚሊዮን ሄክታር እናክም ብንል 27 ሚሊዮን ኩንታል ያስፈልጋል። ኢትዮጵያ በቅርብ ዓመታት በዓመት የምታስገባው ማዳበሪያ በሙሉ 20 ሚሊዮን ኩንታል ግድም ነው። ድንጋዩ በአገር ውስጥ ሞልቷል፤ ደጀን ላይ በዓባይ በረሃ የኖራ ድንጋይ ክምችት አለ፤ ደጀን፣ ጉደርና ቡታጅራ ላይ የመፍጫ ተቋማት ተተክለዋል። ከደጀን እስከ ዞናችሁ ከተማ እንጅባራ ግን ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የኖራ ዋጋ የሚባለው አብዛኛው የናፍጣ ዋጋ ነው።

ሁለተኛው ችግር አወቃቀሩ ነው። ማዳበሪያ በኢትዮጵያ የግብርና ሥራዎች ኮርፖሬሽን ተገዝቶ ከጅቡቲ ይገባል፣ በዩኒየን በኩል ወደ መሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበር ይወርዳል፤ ፍላጎት የሚሰበሰብበት ቀን አለው፣ የሚጠየቅበት ኃላፊ አለው። ኖራ እንዲህ ያለ የራሱ መንገድ አላገኘም፤ በአብዛኛው በበጀትና በፕሮጀክት ነው የሚመጣው፤ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ኖራውም ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ2012 የጀመረው አገራዊ የአፈር ካርታ ሥራ የድኝና የሌሎች ንጥረ ነገሮችን ጉድለት አሳይቶ ቀድሞ የነበረው ዳፕ ማዳበሪያ በኤንፒኤስ እንዲተካ አድርጓል። ይኸው ካርታ አሲዳማነቱንም አሳይቶ ነበር። ከካርታው በከረጢት ሊሸጥ የሚችለው ክፍል ቶሎ ተተገበረ፣ በመኪና የሚጫነው ቀረ። አህጉራዊው ንግግርም ተመሳሳይ ጉዞ ነው ያደረገው፦ እ.ኤ.አ. በ2006 አቡጃ ላይ በተደረገው የአፍሪካ የማዳበሪያ ጉባኤ ግቡ በሄክታር 50 ኪሎ ንጥረ ነገር ነበር፤ የአፈር ጤና የሚለው ቃል ከማዳበሪያው እኩል በጉባኤ ስም ላይ የወጣው ናይሮቢ ላይ እ.ኤ.አ. በ2024 ነው።

ሦስተኛው ትንሽ የሚመስል፣ ግን ኖራውን በየዓመቱ የሚገድል ነገር ነው፤ የበጀት ዓመት። በጀት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው። ገንዘቡ ወደ ወረዳ ወርዶ፣ ጨረታ ወጥቶ፣ ትራንስፖርት ተገኝቶ ኖራው ቀበሌ የሚደርሰው ግንቦት መጨረሻ ወይም ሰኔ ላይ ነው፤ መበተን የነበረበት ሚያዝያ ነው። ወረዳው «አሰራጭቻለሁ» ብሎ ሪፖርት ያደርጋል፣ ገበሬው «አይሠራም» ብሎ ይመሰክራል፣ ሁለቱም አልዋሹም። የሚሰራጨው በቤተሰብ ቁጥር ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ ለሁሉ እንዲዳረስ ሁለት ሁለት ኩንታል ይሰጣል። አንድ ኩንታል ማዳበሪያ ለብዙ ቤት ቢካፈል ለእያንዳንዱ ጥቂት ይጠቅማል። ኖራ ሲካፈል ግን ለማንም አይሆንም።

ብራዚል ሴራዶ የሚባለውን ሰፊ አሲዳማ ምድሯን ወደ እህል ጎተራ የቀየረችው በኖራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የተቋቋመው ኤምብራፓ የተባለው የምርምር ተቋም መጠኑንና አሲድ የሚችሉ ዝርያዎችን ሠራ፤ የገጠር ብድሩም ኖራን እንደ ዘር በዓመት የሚመለስ ወጪ ሳይሆን ለዓመታት እንደሚያገለግል ሀብት ቆጥሮ አበደረ። ማሳቸው ሰፊ፣ ማረሻቸው ትራክተር ስለሆነ ሁሉንም እንቅዳ አይባልም። ብድሩን ግን መቅዳት ይቻላል። አራት ዓመት የሚያገለግልን ነገር በአንድ አዝመራ ክፈል የተባለ ገበሬ ቢሸሽ አይፈረድበትም። መንግሥት ድጎማ ካደረገም የዱቄቱን ዋጋ ትቶ የመኪናውን ኪራይ በኪሎ ሜትር ቢደጉም ሩቅ ያለው ወረዳ ከቅርቡ እኩል ይሆናል።

እስከዚያው ከእናንተ እጅ የሚወጣ ሥራ አለ። ብቻችሁን 8 ኩንታል ልታስመጡ ብትነሡ ኪራዩ ይበላችኋል። አንድ ሙሉ መኪና 400 ኩንታል ለ50 ጥማድ ይበቃል። በኩታገጠም የሚያርሱ 50 አባወራዎች እያንዳንዳቸው አንድ ጥማድ ብቻ አስመዝግበው በመሠረታዊ ማኅበሩ በኩል እስከ ጥር መጨረሻ ቢያዙ፣ የካቲትና መጋቢት ላይ መንገዱ ደረቅ ሳለ ይደርሳል። በላስቲክ የተሸፈነ፣ ከመሬት በእንጨት ከፍ ያለ ማከማቻ ይኑር። በአራቱ ጥማድ ላይ ሩብ ሩብ ከማፍሰስ ዘንድሮ አንዱን በሙሉ፣ ከርሞ ሌላውን ማከም ይሻላል። በአራተኛው ዓመት አራቱም ይዳረሳሉ፤ ያኔ የመጀመሪያው ለመለካት ይደርሳል።

ማዋጣቱን በብር ሳይሆን በእህል ያስሉት፤ ዋጋው በየወሩ ስለሚለዋወጥ። የኖራው፣ የኪራዩና የጉልበቱ ጠቅላላ ወጪ የስንት ኩንታል ስንዴ ዋጋ ነው? 4 ኩንታል ከሆነ፣ በአራት ዓመት ከዚያ ጥማድ በየዓመቱ አንድ ኩንታል ጭማሪ ከተገኘ ወጪው ተመልሷል። ጭማሪውን ለማወቅ ከ25ቱ ካሬ አንዱን ሳይታከም ይተዉት፤ ማዳበሪያው ግን እኩል ይግባበት። በአጨዳ ጊዜ ከታከመውና ካልታከመው ሦስት ሦስት ቦታ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር አጭደው፣ ወቅተው ይመዝኑ። በአንድ ካሬ ሜትር የ100 ግራም ልዩነት በአንድ ጥማድ ሁለት ኩንታል ተኩል ነው። ጎረቤትዎን የሚያሳምነው ከልማት ሠራተኛው ንግግር ይልቅ ያቺ ሳትታከም የቀረች ቢጫ ካሬ ናት።

የሚቀረው መሬቱ በማን እጅ እንደሚታረስ ነው። ከአራቱ ጥማድ በእኩል ወይም በኪራይ የተሰጠ ካለ፣ የሚያርሰው ሰው ለአራት ዓመት የሚሠራ ኖራ ለአንድ ዓመት ኪራይ አያስገባም፤ ልክም ነው። እንዲህ ከሆነ ኖራውን ባለመሬቱ ገዝቶ አራሹ ይበትን፣ ወይም ውሉ አራት ዓመት ይሁንና ወጪው እንደ ምርቱ ይከፈል። በጽሑፍ፣ ሁለት ምስክር ባለበት፣ ኖራው ከመበተኑ በፊት።